ለድንጋዩ የሚያልቅ ኖራ

አርሊንግተን ሮው መጀመሪያ የተሠራው ለሰው አልነበረም፤ ለሱፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1380 ገደማ የገዳም መጋዘን ሆኖ ነው የተገነባው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የተሸለተ የበግ ሱፍ የሚከማችበት ረጅም የድንጋይ ቤት። ዛሬ “የእንግሊዝ ገጠር” ብላችሁ ምስል ብትፈልጉ ቶሎ ከሚመጡላችሁ አንዱ እሱ ነው፦ ጎን ለጎን የተጣበቁ ትናንሽ የድንጋይ ቤቶች፣ ቀጥ ብሎ የወጣ ሾጣጣ ጣሪያ፣ ከፊቱ ጠባብ የእግር መንገድና ቀስ ብሎ የሚፈስ ውሃ። ስሙን ባታውቁት እንኳ በካላንደር፣ በብስኩት ጣሳ ወይ በሆነ ሰው የላፕቶፕ ስክሪን ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም።

መንደሯ ቢበሪ ትባላለች። ኮትስዎልድስ በሚሉት ኮረብታማ አገር፣ ግሎስተርሺር ውስጥ ናት። ዊልያም ሞሪስ፣ ያ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚና የግድግዳ ወረቀት ነዳፊ፣ ከእንግሊዝ መንደሮች ሁሉ ውቧ ናት ብሏል ይባላል። ከዚያ ወዲህ ጎብኚ አላጣችም። እንዲያውም በ2017 አንድ ጡረተኛ ነዋሪ ቢጫ መኪናውን ቤቱ አጠገብ ስለሚያቆም “ፎቶ አበላሸብን” የሚሉ ሰዎች በዝተው ነበር፤ በኋላ መኪናው ተሰባብሮ ተገኘ። ነገሩ ሲሰማ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ወደ መቶ የሚጠጉ ቢጫ መኪኖች ከየቦታው መጥተው በሰልፍ መንደሯን አቋርጠው አለፉ። ይሄን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። ቤቶቹ ውስጥ ሰው ይኖራል እኮ። ጋዝ የሚያልቅበት፣ ቆሻሻ የሚያወጣ፣ መኪና የሚያቆም ሰው።

እኔ የሄድኩት በመስከረም መጨረሻ፣ ረዘም ያለ ቅዳሜና እሁድ አግኝቼ ነው። ከምኖርበት ብሪስቶል በባቡር ኬምብል ድረስ፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ለፎቶ ነበር የሄድኩት፤ ልዋሽ አልፈልግም። አንሥቼም ሁለቱን ለአባዬ በቴሌግራም ላክሁለት። እንደ ሁልጊዜው “ያምራል፣ ብርዱስ?” ብሎ የሚያልፈው ነበር የመሰለኝ። የድምፅ መልእክት ላከልኝ። “ልጄ፣ ፊቱን ተዪው። መጋጠሚያውን አቅርበሽ አንሺልኝ” ይላል።

አባዬ ግንበኛ ነው። ግንበኛ ነበር ልበል መሰለኝ፤ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ተወው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የተማርኩት በሱ ምክንያት ነው። ከዚያ ሶፍትዌር ወሰደኝ፣ ሶፍትዌር ደግሞ እንግሊዝ አገር አመጣኝ። አባዬ የምሠራውን ሥራ አያውቀውም። ለሰው ሲያወራ “ኮምፒዩተር ላይ ናት” ነው የሚለው፣ ልክ ሰገነት ላይ የወጣሁ ይመስል። ስልካችንም ያው ነው፤ ጤና ነሽ፣ በላሽ፣ ብሩ ደርሷል፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ደህና ሁኚ። ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ስለ ድንጋይ መጋጠሚያ የጠየቀኝ ቀን ግን አርባ ደቂቃ አወራን።

ድንጋዩ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኡላይት ይሉታል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የጤፍ ፍሬ በሚያካክሉ ጥቃቅን ክብ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። ወደ 165 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ይሄ አገር ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። የባሕሩ ሞገድ የአሸዋና የቅርፊት ስብርባሪ ወዲህ ወዲያ ሲያንከባልል፣ በእያንዳንዷ ስብርባሪ ላይ ኖራ ድርብርብ እየሆነ ተጋገረባት፤ እነዚያ ናቸው ተጣብቀው ድንጋይ የሆኑት። ቀለሙ ከውስጡ ባለው ብረት የተነሣ ነው። ወደ ሰሜን ሲወጣ ወርቃማ፣ የማር ዓይነት፤ ወደ ደቡብ፣ ወደ ባዝ ከተማ ሲወርድ እየነጣ ይሄዳል። ባዝን የምናውቃት እኛም ነን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስደታቸው ዘመን የተቀመጡበት ፌርፊልድ ሀውስ እዚያ ነው ያለው።

ሌላም ዝምድና አለ፣ ከዚህ የራቀ። በዚያው ጁራሲክ በሚባለው ዘመን የዓባይ ሸለቆም በባሕር ተሸፍኖ ነበር። ሙገር ላይ ለሲሚንቶ የሚቆፈረው የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ቅሪት ነው። አባዬ ዕድሜ ልኩን ከረጢት እየቀደደ ያቦካው ሲሚንቶ፣ እኔ እጄን የጫንኩበት ግድግዳ የዘመን እኩያ ነው ማለት ነው። እኛ አቃጥለን ፈጨነው፤ እነሱ ጠርበው ደረደሩት።

መጥረቡ ደግሞ ቀላል ነው። ይሄ ድንጋይ ከጉድጓድ እንደወጣ ውሃ ስለያዘ ለስላሳ ነው፣ በመጋዝ ሁሉ ይቆረጣል። አየር ላይ ሲቆይ እየደረቀ ይጠነክራል። ለዚህ ነው አንድ ተራ የሸማኔ ቤት ላይ እንኳ የተጠረበ የመስኮት ዓምድ የምታዩት፦ መስኮቱን ለሁለት ወይ ለሦስት የሚከፍል ቀጭን የድንጋይ ዓምድ፣ ከላዩ ደግሞ እንደ ቅንድብ ወጣ ያለ የድንጋይ መከዳ። ያ ቅንድብ ጌጥ ይመስላል። ሥራው ግን ግድግዳውን ይዞ የሚወርደውን ዝናብ ከመስኮቱ ፊት ወዲያ መወርወር ነው። መስታወቶቹም በእርሳስ ገመድ የተያያዙ ትናንሽ ቁርጥራጮች የሆኑት ለውበት ብለው አይደለም፤ በዚያን ጊዜ ትልቅ መስታወት መሥራት ከባድ፣ መግዛት ደግሞ የማይቀመስ ስለነበር ነው። እዚህ ቤት ላይ “ዲዛይን” የምትሉትን ነገር ሁሉ ገልበጥ ብታደርጉት ከሥሩ ወይ ዝናብ ወይ ድህነት ታገኛላችሁ።

አባዬ ወዲያው የጠየቀው ስለ ጣሪያው ነበር። “ለምን እንዲህ አቆሙት? ንፋስ ይጥላቸው የለም?”

ጣሪያው ድንጋይ ነው። ቆርቆሮ አይደለም፣ ሸክላም አይደለም፤ ስስ ተደርጎ የተሰነጠቀ ያው የኖራ ድንጋይ ነው። የሚሰነጥቀው ደግሞ ሰው አይደለም። ሰዎቹ ድንጋዩን በበልጋቸው መጨረሻ፣ ክረምት ሳይገባ ቆፍረው ያወጡና ሜዳ ላይ ያሰጡታል፤ እንዳይደርቅ ውሃ ያርከፈክፉበታል። ከዚያ ውርጩን ይጠብቃሉ። በውስጡ ያለው ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ሲሰፋ ድንጋዩን እንደ መጽሐፍ ገጽ ይገልጠዋል። የክዳን ሠራተኛው በየመጠኑ ይለያቸዋል፤ ለየመጠኑም የየራሱ ስም ነበረው። ትልልቆቹ ከታች ከጣሪያው ጠርዝ ይጀምራሉ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እያነሱ እያነሱ ሄደው ጫፉ ላይ የመዳፍ ያህል ይቀራሉ። ከቆፈሩት ውስጥ ምንም አይጣልማ። ትልቅ ትልቁን ብቻ ልጠቀም የሚል ሰው ግማሹን ጉድጓድ ሜዳ ላይ ጥሎት ይቀራል።

እያንዳንዱ በአንድ የእንጨት ችንካር ነው የሚንጠለጠለው። ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለሆነ ሲደራረብ ቀዳዳ አይጠፋውም፣ ራሱም ትንሽ ትንሽ ውሃ ይጠጣል። ስለዚህ ዝናቡ ቆም ብሎ ማሰቢያ ጊዜ ሊሰጠው አይገባም፤ ለዚህ ነው ጣሪያው ከ50 ዲግሪ በላይ የሚቆመው። ክብደቱ በ10 ካሬ ሜትር ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። ይሄን ስነግረው አባዬ ዝም አለ፣ በሐሳቡ የግድግዳውን ሸክም እያሰላ እንደሆነ ገባኝ። “ውፍረቱን ለኪልኝ” አለ።

አርሊንግተን ሮው ውስጥ ገብቼ ልለካ አልችልም። የሰዎች መኖሪያ ነው፤ ከ1949 ጀምሮ ባለቤቱ ናሽናል ትረስት የሚባለው የቅርስ ድርጅት ሲሆን አንዷን ቤት ብቻ ለእንግዳ ያከራያል። ግን በአቅራቢያዋ ባለ መንደር ሁለት ሌሊት የተከራየኋት ክፍልም የዚያው ዓይነት ቤት ናት። የመስኮቱን ደፍ ለካሁት፤ 60 ሴንቲ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁለት ግድግዳ ነው በእውነቱ፦ የውጭ ፊትና የውስጥ ፊት፣ መሐሉ በስብርባሪ ድንጋይና በአፈር የተሞላ፣ ሁለቱን የሚያያይዙ ረጃጅም ድንጋዮች አልፎ አልፎ ተሻግረው የገቡበት። መሠረቱ ጥልቅ አይደለም። ብረት የለውም። ዩኒቨርሲቲ በተማርኩት ሒሳብ ብንሄድ ብዙ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ ቤት ነው፤ አራት መቶ ዓመት ቆሟል።

ያቺ ቤት ግን ትታመም ነበር። የተኛሁበት ክፍል የጓሮ ግድግዳ ላይ ከወለሉ ተነሥቶ እስከ ወገብ የሚደርስ ጥቁር የእርጥበት ካርታ አለ፣ ሽታውም ያው የምታውቁት ነው፣ ጓዳ ውስጥ የተረሳ ጆንያ ዓይነት። ባለቤቷ ይቅርታ ጠየቀችኝ፣ ግንበኛ ጀምሮልኛል አለች። እውነትም ጠዋት ከጓሮ የመዶሻ ድምፅ ቀሰቀሰኝ።

ግንበኛው ስድሳ ገደማ የሚሆነው፣ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። በመሮና በትንሽ መዶሻ ከድንጋዮቹ መሐል ሲሚንቶ እየቦረቦረ ያወጣል። ሲሚንቶውን ከአንድ ትውልድ በፊት ሌላ ሠራተኛ “ለማጠናከር” ብሎ የሞላው ነው። ግድግዳውን ስታዩት ነገሩ ግልጽ ነው። ድንጋዮቹ ፊታቸው ተበልቶ፣ እንደ ቂጣ ተቀርፎ፣ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሲሚንቶው ግን ንክች ሳይል እንደ ንብ እንጀራ ግድግዳ ፍርግርግ ሆኖ ወደ ውጭ ቀርቷል። ማሩ አልቆ ሰፈፉ የቀረ ይመስላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ ዝናብ ይጠጣል፤ ይጠጣና ደግሞ ፀሐይና ንፋስ ሲያገኝ ይተፋል። በኖራ የተገነባ ከሆነ የሚተፋው በመጋጠሚያው በኩል ነው፤ ኖራው ከድንጋዩ ይልቅ ለስላሳና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ። ውሃው ይዞት የሚመጣው ጨው እዚያው ኖራው ላይ ይረጋና ኖራውን እያፈረፈረ ይበላዋል። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ ስትደፍኑት ውሃው መውጫ ያጣል። ስለዚህ በድንጋዩ በራሱ በኩል ይወጣል፤ ጨውም ድንጋዩ ውስጥ ይረጋል፣ ውርጭም እዚያው ያገኘዋል፣ ፊቱም ይነሣል። የቀረው ውሃ ወደ ውስጥ፣ ወደኔ አልጋ ዘንድ ይመጣል።

ይሄን ለአባዬ በጽሑፍ ላስረዳው አልቻልኩም። ግንበኛውን አስፈቅጄ በቪዲዮ ደወልኩለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁለቱ ተያዩ። አባዬ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳይጨርስ “ባልዲውን አሳዪኝ” አለ። አሳየሁት። ሊጥ የመሰለ የኖራ ቡኬት፣ ቢጫ ቢጫ የሚል አሸዋ ያለው።

“ሲሚንቶ የለበትም?”

የለበትም አለ ግንበኛው።

“ምንም? እፍኝ እንኳ?”

ምንም።

“ዝናብ አጥቦ ይወስደዋል እኮ!”

ተረጎምኩለት። ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠና፣ አዎ፣ ይወስደዋል አለ። ሥራው እሱ ነው። ኖራው ያልቃል፣ ድንጋዩ ይቀራል። የኔ ልጆች ካረጁ በኋላ አንድ ሰው መጥቶ እንደገና ይሞላዋል።

አባዬ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ፤ መጀመሪያ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ “ያኔ የሚመጣ ሰው እንዳለ በምን ያውቃል?” አለ።

ይሄንን አልተረጎምኩትም። ለሱ የተጠየቀ አልመሰለኝም።

ሰውየው ግን የአባዬን ፊት አይቶ ይመስለኛል፣ እናንተ በምን ድንጋይ ነው የምትገነቡት ብሎ ጠየቀ። ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልት አልኩት። እንግዲያማ ነገሩ ሌላ ነው አለ፤ እሱ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፣ ሲሚንቶ አይጎዳውም። ይሄኛው ግን ስፖንጅ ነው። አባዬ ይሄን ስተረጉምለት ራሱን ነቀነቀ። ሙያ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ያውቃል። ቀጥለው ስለ አሸዋ አወሩ፤ በጣት መሐል ሲታሽ ጭቃ መኖሩ እንዴት እንደሚታወቅ። እኔ ቃል ሁሉ እያነሰኝ ነበር፣ እነሱ ግን እጃቸውን እያሳዩ ያለኔ ይግባቡ ጀመር።

ያ ጥያቄ ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም፤ ምክንያቱም የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ራሱ እሱን ነው የሚጠይቀው። የሚመጣ ሰው ባይኖርስ?

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያን የሱፍ መጋዘን ከፋፍለው የሸማኔ ቤቶች አደረጉት። በኛ ሙያ አሮጌ ኮድ ይዞ ሌላ ሥራ ማሠራት የምንለው ነው፦ ረጅሙን ክፍል በግድግዳ ቆራረጡት፣ ጭስ ማውጫ ጨመሩ፣ ጣሪያው ውስጥ ፎቅ አስገቡ፣ ብርሃን እንዲያገኝ ከጣሪያው ላይ ትንንሽ ሾጣጣ መስኮቶች አወጡ። ፎቶ ላይ ያን ያህል የምንወደው የጣሪያ ወጣ ገባ እንዲህ የመጣ ነው። ከቤቶቹ ፊት ለፊት ራክ አይል የሚባል ውሃ የከበበው መስክ አለ። ቤት ውስጥ የተሸመነው ጨርቅ ማዶ ባለው አርሊንግተን ወፍጮ ይረገጥና ይታጠብ ነበር፤ ታጥቦ ሲወጣ እዚያ መስክ ላይ በእንጨት መወጠሪያ ተሰቅሎ ይደርቃል። ዛሬ ዳክዬዎች ናቸው ያሉበት። ሸማኔዎቹ የሚኖሩበት፣ የሚሠሩበትና ጨርቃቸውን የሚያሰጡበት ሁሉ በአንድ እይታ ውስጥ የሚገባ ነበር።

ከዚያ በእንፋሎት የሚሠሩ ፋብሪካዎች መጡ። የሱፍ ሥራው የድንጋይ ከሰል ወዳለበት ወደ ሰሜን፣ ወደ ዮርክሺር ሄደ። ኮትስዎልድስ ደኸየ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር ያለው፦ እነዚህ ቤቶች የተረፉት ስለተወደዱ አይደለም። አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ያለው ሰው ስለጠፋ ነው። በሌላ ቦታ የባቡር ሐዲድ ርካሽ ጡብና የዌልስ ጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ እያመጣ ቤቱን ሁሉ አንድ ዓይነት ሲያደርገው፣ እዚህ ጎጆዎቹ ባሉበት ቀሩ፣ እየዘመሙ፣ እርጥበት እየበላቸው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሰባት ልጅ እየታጨቀባቸው። የማር ቀለም ያለው ድንጋይ ልጅን ከሳንባ በሽታ አያድንም።

ዊልያም ሞሪስ የመጣው ያኔ ነው። ከ1871 ጀምሮ ከቢበሪ ብዙም በማይርቀው ኬልምስኮት የሚባል የድንጋይ ቤት ተከራይቶ ነበር። በ1877 የጥንት ሕንፃዎችን የሚጠብቅ ማኅበር አቋቋመ። ያናደዱት የሚያፈርሱ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ “ወደ ጥንቱ እንመልሰው” እያሉ አሮጌውን ፊት ፍቀው አዲስ ጥንታዊ የሚሠሩትም ጭምር ናቸው። የማኅበሩ ሐሳብ ቀላል ነው፦ አታሳምረው፣ ጠግነው፤ በየዕለቱ ተንከባከበው። የማኅበሩ ሰዎች እስከ ዛሬ ኖራ ኖራ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ሞሪስን በመንደር አድናቂነቱ ሳይሆን በዚህ ነው የማከብረው።

ቤትን መውደድ ግን ሌላም መልክ አለው። ሄንሪ ፎርድ፣ የመኪናው ፎርድ፣ ኮትስዎልድስን አይቶ ልቡ ተነካ። አርሊንግተን ሮውን በሙሉ ነቅሎ ሊወስድ ፈልጎ ነበር ይባላል፤ አልሆነለትም። በምትኩ በ1930 ከቢበሪ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ቼድዎርዝ አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጎጆ ገዛ። መጀመሪያ እዚያው ላይ የሚፈልጋቸው ነገሮች ተጨመሩበት፣ ይበልጥ ኮትስዎልድስ እንዲመስል። ከዚያ ድንጋዩ እየተቆጠረ፣ ቁጥር እየተጻፈበት ፈረሰ። ወደ 475 ቶን የሚመዝን ነገር በ67 የባቡር ፉርጎ ተጭኖ ወደ ወደብ፣ ከወደብ በመርከብ ወደ አሜሪካ ሄደ። የኮትስዎልድስ ግንበኞችም ተከትለው ሄደው ሚሺጋን፣ ዲርቦርን ውስጥ ፎርድ ባቋቋመው ሙዚየም መንደር መልሰው አቆሙት። አንጥረኛ ቤት ጨመረበት። የኮትስዎልድስ በጎችም አስመጣለት። እስከ ዛሬ አለ።

መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ጎጆው ያን መልክ የያዘው ድንጋይ በፈረስ ጋሪ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ ማጓጓዝ ስለማይቻል ነበር። ያን ርቀት ካጠፉት ሰዎች አንዱ መጥቶ ውቅያኖስ አሻገረው። ግን የፎርድ ጎጆ አንድ ሌላ ነገር አስተማረኝ፣ ያስተማረኝም በአባዬ በኩል ነው።

የቪዲዮው ማታ ይሄን የፎርድ ታሪክ ነገርኩት። የደነቀው መርከቡም ገንዘቡም አልነበረም። “ድንጋዩ ሳይሰበር እንዴት ፈረሰ?” አለኝ። በኖራ ስለተገነባ ነዋ አልኩት፤ ኖራው በመሮ ሲነካ ይለቃል፣ ድንጋዩ ደህና ሆኖ ይወጣል። ያኔ ከዚያ በፊት ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ።

በጉብዝናው ዘመን የሠራው አንድ ቤት አለ። ለመንገድ ማስፋፊያ ይፈርሳል ተብሎ ቀለም ተቀባበት። አባዬ የሚፈርስበትን ቀን ጠይቆ ሄደ። ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አየው። ድንጋዩን ለመውሰድ ነበር የሄደው፤ እሱ ራሱ አንድ በአንድ መርጦ የጠረበው የፊት ድንጋይ ነበረው፣ ለኛ ቤት አጥር ይሆናል ብሎ አስቦ። ባለማሽኑንም ለምኖት እሺ ብሎታል። “ሲሚንቶውን አብዝቼበት ነበር” አለኝ። “ባለቤቱ ለልጅ ልጅ ይሁን ብሎኝ። ማሽኑ ሲመታው ሲሚንቶው እምቢ አለ፣ ድንጋዩ ነው የተሰበረው። አንድም ደህና አላገኘሁም።”

ምን እንደምል አላወቅሁም። ቤቱ የት ነበር አልኩት። ነገረኝ። አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ በአጠገቡ በታክሲ አልፋለሁ። እሱ እንደሠራው ግን አላውቅም ነበር። የትኞቹን ቤቶች እንደሠራ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄው አላውቅም፣ እሱም ነግሮኝ አያውቅም። የዚያን ማታ ዝርዝር ይዘን አመሸን። እሱ እየቆጠረ፣ እኔ ስልኬ ላይ እየመዘገብኩ፤ የትምህርት ቤት አጥር፣ የአንድ መምህር ሦስት ክፍል ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም፣ የወንዝ ዳር ድጋፍ ግንብ። አሥራ ዘጠኝ ላይ ደርሰን ደከመው። ሳተላይት ካርታ ላይ እስካሁን አሥራ አንዱን አግኝቻለሁ። የሁለቱ ቦታ ባዶ ነው።

አርሊንግተን ሮው ዛሬ በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ የተመዘገበ ነው፤ እዚያ መስኮት ለመቀየር ፈቃድ ያስፈልጋል። ጥሩ ነው። ግን ምዝገባው ግድግዳ አይሞላም። ግድግዳ የሚሞላው ባልዲ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው፣ ከሱ በኋላም ሌላ ሰው። የኔ አከራይ ግንበኛውን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ወረፋ ጠብቃለች። በኖራ መሥራት የሚያውቅ ሰው በዝቶ አይደለም። ቤቶቹ ደግሞ ከለንደን በሚመጣ ገንዘብ ዋጋቸው ሰማይ ነክቷል፤ ግንበኛው ራሱ የሚኖረው በዚያች መንደር ውስጥ አይደለም፣ አይችልማ። ጠዋት በቫን ይመጣል፣ ማታ በቫን ይሄዳል።

እሁድ ከመሄዴ በፊት ጓሮ ወጥቼ አየሁት። በሁለት ቀን የሞላው አንድ በር የሚያህል ቦታ ነው። ኖራው ቶሎ እንዳይደርቅበት እርጥብ ጆንያ ጋርዶበታል። ኖራ የሚጠነክረው በመድረቅ አይደለም፤ አየር ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቀስ እያለ ወደ ውስጡ እየሳበ ነው። ሲቃጠል እሳት ያወጣበትን መልሶ ይወስዳል፣ እንደገና የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ወራት ይፈልጋል፣ መጀመሪያ ላይ ደግሞ እርጥበት። ጆንያውን ፎቶ አንሥቼ ለአባዬ ላክሁለት። እሱም በሲሚንቶ ሲሠራ ጆንያ አርጥቦ ነው የሚጋርደው፤ ልጅ ሆኜ የበጋ ዕረፍት ላይ ውሃ የማርከፈክፈው እኔ ነበርኩ።

ማክሰኞ ብሪስቶል ሥራ ላይ ሆኜ፣ ስብሰባ መሐል፣ የድምፅ መልእክት መጣ። አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። “ልጄ፣ ዛሬ እዚያ ንፋስ አለ ይላል ትንበያው። ጆንያውን አርጥቦታል? ጠይቂልኝ።”

ለአከራይዋ ጻፍኩላት። ፎቶ ላከችልኝ።